የቶክ ሾው ቀረጻ ላይ ታዳሚ ሆናችሁ ስትገቡ፦ ከጥሪው እስከ መውጫው

ቤት ቁጭ ብለው ሲያዩት ቶክ ሾው ቀላል ነው። ባንዱ ይጫወታል፣ አቅራቢው ይገባል፣ እንግዳው እጅ ነስቶ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። በሳቅ በጨዋታ አንድ ሰዓት ሳትሞላ ታልቃለች። ስቱዲዮ ውስጥ ግን ያቺው አንድ ሰዓት ግማሽ ቀን ልትበላ ትችላለች።

ብዙ ሰው ቀረጻ የሚሄደው ፈታ ብሎ ለመመለስ አስቦ ነው። ከዚያ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ወገቡን ይዞ መቁነጥነጥ ይጀምራል። ነገሩን ከመነሻው ማወቅ ይሻላል። ወንበሩ በነጻ የተሰጣችሁ ሥራ ስላለበት ነው። ጭብጨባችሁ፣ ሳቃችሁ፣ ዝምታችሁ፣ ፊታችሁ ሁሉ ለካሜራው ያስፈልጋል። ይህን አውቆ የገባ ሰው ቀኑን ይወደዋል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚሁ የሚመዘዝ ነው።

መጀመሪያ፦ የትኛው ፕሮግራም?

ኢትዮጵያ ውስጥ የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ዘመን የነበረን አንድ ጣቢያ ብቻ ነው። ዛሬ ጣቢያው በዝቷል፣ ታዳሚ የሚፈልገው ፕሮግራምም ዓይነት በዓይነት ሆኗል። እንደ «ሰይፉ በኢቢኤስ» ያለው ቶክ ሾው ባንድ አለው፣ ጨዋታ አለው፤ ከታዳሚ የሚፈለገው ሳቅና ሞቅታ ነው። እንደ «የቤተሰብ ጨዋታ» ያለው ውድድር ላይ ሰው ወገን ይዞ ይጮኻል። እንደ «ፋና ላምሮት» ያለው የድምፃውያን ውድድር ደግሞ ወደ ኮንሰርት ይጠጋል። የጤና ወይም የኢኮኖሚ ውይይት ከሆነ የእናንተ ድርሻ በትኩረት መቀመጥና ራስ መነቅነቅ ነው፤ እሱም ከባድ ነው፣ በተለይ ከምሳ በኋላ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው እኔ ቶክ ሾውን እመርጥለታለሁ። እረፍቱ ይበዛል፣ ሙዚቃም አለበት።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ በቀጥታ የሚተላለፍ ነው ወይስ ተቀርጾ የሚቀመጥ? ቀጥታ ከሆነ በሰዓቱ ይጀምራል፣ በሰዓቱ ያልቃል፣ የተሳሳተውም ተሳስቶ ያልፋል። ተቀርጾ የሚቀመጠው ግን «እንደገና እንውሰደው» ይበዛበታል። አንዳንዱ አዘጋጅ አዳራሹንና መሣሪያውን ከተከራየ አይቀር ብሎ በአንድ ቀን ሁለት ክፍል ያነሳል። ያኔ በመሃል ወንበር ቀይሩ፣ ጃኬት አውልቁ፣ ነጠላ ደርቡ ትባላላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት የሚታየው ሌላ ሕዝብ እንዲመስል ነው።

ወንበሩን ማግኘት

የፊት ለፊቱ መንገድ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ስክሪኑ ታች የሚያልፈው ስልክ ነው፣ ወይም የፕሮግራሙ የራሱ የቴሌግራምና የፌስቡክ ገጽ። መልእክታችሁን አጭር አድርጉት። የአድናቆት ድርሰት የሚያነብ ሰው እዚያ የለም። እንዲህ ብትሉ ይበቃል፦ «ሰላም። ለታዳሚነት 3 ሰዎች መምጣት እንፈልጋለን። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ይመቸናል። ስማችን እነሆ፣ ስልካችን ይህ ነው። እናመሰግናለን።» ስንት እንደሆናችሁና የትኛው ቀን እንደሚመቻችሁ መጻፉ ዋናው ነው። ወንበር የሚደለድለው ሰው የሚፈልገው እሱን ነው።

ሌላው መንገድ ሰው በሰው ነው። እውነቱን እንነጋገር፣ ብዙው ወንበር የሚሞላው በዚህ ነው። ካሜራማን የሚያውቅ፣ ባንድ ውስጥ ዘመድ ያለው፣ የእንግዳው ጎረቤት ይጠራል። የምታውቁት ሰው ካለ ለመጠየቅ አትፈሩ። ለአዘጋጁ ባዶ ወንበር ከማንም በላይ ያስጨንቀዋልና ውለታ ጠየቅን ብላችሁ አትሸማቀቁ። የሥራ ቀን ከሰዓት የሚቀረጽ ከሆነ ደግሞ ተሰብስቦ የሚመጣ የተማሪ ቡድን ወይም የማኅበር አባላት እንደ ሎተሪ ነው የሚታዩት።

ለቶክ ሾው ወንበር ብር አትክፈሉ። በጣቢያው ስም የቴሌግራም ቻናል ከፍቶ «በቴሌብር ላኩና ቦታ እንያዝላችሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ዝጉት። የበዓል ኮንሰርት ወይም የውድድር ፍጻሜ ትኬት ሊሸጥለት ይችላል። እሱንም ጣቢያው ራሱ በአየር ላይ ከተናገረው ቦታ ብቻ ግዙ።

ቦታ ተይዞላችኋል ከተባላችሁ በኋላ በዋዜማው ደውላችሁ አረጋግጡ። እንግዳ ታሞ ወይም ከአገር ወጥቶ ቀረጻ መሰረዙ የተለመደ ነው። ታዳሚውን ሁሉ አንድ በአንድ ደውሎ የሚያስታውቅ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይኖርም።

ሰዓቱና ቦታው

«2፡00 ሰዓት» የሚል መልእክት ከመጣላችሁ ጠይቁ። ሲነጋ ሁለት ሰዓት ነው፣ ሲመሽ ሁለት ሰዓት ነው፣ ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈውት ከቀኑ 8 ሰዓት ማለታቸው ነው? ፕሮዳክሽን ውስጥ ያለ ሰው ሁለቱንም አቆጣጠር እያቀላቀለ ይኖራል። «ጠዋት ነው፣ ከምሳ በኋላ ነው ወይስ ማታ?» ማለት አሳፋሪ አይደለም።

የተነገራችሁ ሰዓት የመግቢያ ሰዓት ነው። ቀረጻው የሚጀመረው ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነው። «እንግዲያውስ ዘግይቼ ልሂድ» ካላችሁ ግን ተሸወዳችሁ። ካሜራው መዞር ከጀመረ በሩ ይዘጋል። የቀረ ሰው ወንበርም ለሌላ ይሰጣል፣ የእናንተም ጭምር።

ቦታውን በሕንጻው ስም ብቻ አትያዙ። አንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ስቱዲዮ አለው፣ አንዳንዱ የሆቴል አዳራሽ ይከራያል። «ከምን ፊት ለፊት? በየትኛው በር? ስንተኛ ፎቅ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካዛንቺስ ወይም ቦሌ ውስጥ ተመሳሳይ መስታወት የለበሱ ሕንጻዎች መሃል ቆሞ ስልክ የማያነሳ አስተባባሪ መጥራት አድካሚ ነው። በቀረጻ ቀን ደግሞ የአስተባባሪው ስልክ ድምፅ አልባ ነው። የሚያደርሳችሁን ምልክት ከዋዜማው ያዙ።

ለመድረስ ባቡሩ ለሚመቸው ሁለቱም መስመሮች ስታዲየምን፣ ለገሃርንና ሜክሲኮን ይነካሉ። ከዚያ በኋላ ያለው በእግር ነው ወይም በሚኒባስ። ከ11 ሰዓት በኋላ ግን ባቡር ውስጥ የተተኮሰ ልብስ ተተኩሶ አይወጣም። መኪና የምትይዙ ከሆነ ግቢው ውስጥ ማቆሚያ መኖሩን ጠይቁ፤ መሃል ከተማ መንገድ ዳር ማቆም እየከበደ ነው የሄደው። መስቀል አደባባይ ላይ ዝግጅት አለመኖሩንም አጣሩ። የመስከረም 16 ደመራ ወይም የኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ቀን በዚያ አካባቢ የሚዘጋው መንገድ ብዙ ነው። ክረምት ከሆነ መንገዱን በአሮጌ ጫማ ሂዱና ንጹሑን በር ላይ ቀይሩ። ካሜራው ከፊት ረድፍ እግር ያያል፣ ጭቃውንም ያያል።

ልብስ

ካሜራ የሚጠላቸው ልብሶች አሉ። ቀጫጭን ሰረዝ ያለው ሸሚዝና ደቃቅ ዳማ ስክሪን ላይ ይንቀጠቀጣል፣ የተመልካቹን ዓይን ያስቸግራል። ድፍን ነጭ መብራቱ ሲያርፍበት ያበራል። ካሜራማኑ ያንን ለማብረድ ብርሃን ሲቀንስ ፊታችሁ ይጨልማል። ድፍን ጥቁር ለብሳችሁ ጥቁር መጋረጃ ፊት ብትቀመጡ ደግሞ ጭንቅላት ብቻ ሆናችሁ ትቀራላችሁ። ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ቡናማ፣ ደብዛዛ ቢጫ ያዋጣል። ስቱዲዮው አረንጓዴ መጋረጃ የሚጠቀም ከሆነ አረንጓዴ አይለበስም። ኮምፒውተሩ መጋረጃውን ሲያጠፋ ሸሚዛችሁንም አብሮ ያጠፋዋል።

ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት ይቅር። የስፖንሰሩ ተፎካካሪ አርማ ከሆነ አስተባባሪው ፕላስተር ይለጥፍበታል ወይም ኋላ ረድፍ ይሰዳችኋል። በተለይ የቢራ ፋብሪካ ስጦታ ቲሸርትና ኮፍያ ጣጣ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ክልክል ስለሆነ ማንም አዘጋጅ ያንን ፊት ለፊት አያስቀምጥም። የፖለቲካ መፈክርም ያው ነው።

የሚንኳኳ ጌጥ ቤት ይቆይ። አምባር ስታጨበጭቡ ይንሿሿል፣ ማይኩ ደግሞ ይሰማዋል። ከፍ ተደርጎ የታሰረ ሻሽና ሰፊ ኮፍያ ከኋላ ላለው ሰው ግድግዳ ነው። ሽቶም በልኩ፤ አዳራሹ ዝግ ነው።

የበዓል ፕሮግራም ከሆነ የሐበሻ ልብስ ልበሱ ትባላላችሁ። ያኔ ነጭ መሆኑ አይቀርም፤ ጥለቱ ሰፋና ደመቅ ያለ ከሆነ ፊት የመጨለሙን ችግር ያቀልለዋል። እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር አለ። የፋሲካ ፕሮግራም የሚቀረጸው ከፋሲካ በፊት ነው፤ ማለት በሁዳዴ። ስቱዲዮው ቄጤማ ተጎዝጉዞበታል፣ ጀበናው ተጥዷል፣ ዶሮ ወጡ ከነእንቁላሉ ቀርቧል። አቅራቢው «እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ» ይላል። ታዳሚው «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብሎ ያጨበጭባል። የ55 ቀኑ ጾም ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። የምትጾሙ ከሆነ ከመቀመጣችሁ በፊት ለአስተባባሪው ንገሩት። አለበለዚያ አቅራቢው በጨዋታ መሃል ጉርሻ ይዞ ወደ እናንተ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? አትበሉ ነገር ጾም ነው፣ አትመልሱ ነገር ካሜራ ፊት ነው። ቀድሞ የሰማ አስተባባሪ ከምግቡ ጠረጴዛ ራቅ አድርጎ ያስቀምጣችኋል።

ሆዳችሁን አዘጋጁ

በልታችሁ ሂዱ፣ ግን ሆድ የሚነፋ ነገር አይሁን። ዝም በተባለበት አዳራሽ ውስጥ ሆድ ሲጮህ ጎረቤት ይሰማል። ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ይሰጣል፤ ምግብ ላይ ግን ተስፋ አታድርጉ። ቆሎ በኪስ መያዝ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ የሚበላው ግን በእረፍት ሰዓት ነው። ማስቲካም አይሆንም፤ ካሜራው ቀረብ ሲል የሚያመነዥክ አፍ ያስጠላል። መጸዳጃ ቤት የመጨረሻው ሰዓት ላይ ሂዱ፣ ባይመጣባችሁም። ስኳር ያለበት ሰው፣ መድኃኒት በሰዓቱ የሚወስድ ሰው፣ እርጉዝ ሴት ለአስተባባሪው ብትናገር የመተላለፊያው ዳር ትቀመጣለች፣ ስትፈልግም ማንንም ሳትረብሽ ትወጣለች። በረመዳን የማታ ቀረጻ ከገባችሁ ቴምር ያዙ። የማፍጠሪያው ሰዓት እረፍት ላይ እንዲውል ቀድሞ መጠየቅም ነውር የለውም።

ስስ ሹራብ ይኑራችሁ። ማቀዝቀዣው ድምፅ ያሰማል ተብሎ በቀረጻ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል፤ ያኔ ከመብራቱ የተነሳ ይሞቃል። በእረፍት ሲከፈት ደግሞ ይቀዘቅዛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ወጥታችሁ ታክሲ ስትጠብቁ ሹራቡን ትወዱታላችሁ።

በር ላይ

ፍተሻ አለ። መታወቂያ ያዙ፣ ፋይዳም ይሁን የቀበሌ። ላፕቶፕ ካላችሁ ሊመዘገብ ይችላልና ከተቻለ ይቅር። ትልቅ ሻንጣና ዣንጥላ ውጭ ይቀራል። ስልክ የሚሰበስብ ፕሮግራም አለ፤ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ከሰጧችሁ ከስልኩ በላይ ጠብቁት። የማይሰበስብ ከሆነ ስልኩን ጨርሳችሁ አጥፉት። ንዝረት ላይ ማድረግ አይበቃም። ጥሪ ሲገባ ስልኩ አጠገቡ ባለ ማይክ ላይ የሚያሰማው ድርድርታ አለ፣ የድምፅ ባለሙያውን ፀጉር የሚያስነጨው እሱ ነው።

ከዚያ የመቀመጫ ድልድል ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይከፋዋል። ከጓደኛችሁ ሊለዩዋችሁ ይችላሉ። ቀለም ያለው ልብስ የለበሰውን ወደፊት፣ ረጅሙን ወደኋላ ያደርጋሉ። ንቀት እንዳይመስላችሁ፣ የካሜራውን ምስል እየሞሉ ነው። ምርጫ ከተሰጣችሁ ግን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ረድፍ ጥሩ ነው። የፊቱ ረድፍ ሁሌም ካሜራ ውስጥ ስለሆነ አፍንጫ ማከክ እንኳን አይቻልም። ጥግ ላይ የተቀመጠ ደግሞ የአቅራቢውን ጀርባ ሲያይ ይውላል። ድምፅ ማጉያው ሥርም አትቀመጡ፣ ባንድ ካለ ጆሯችሁ ይደነቁራል።

አንዴ ከተቀመጣችሁ በኋላ ወንበር አትቀያየሩ። ሹራብ ለብሳችሁ ከጀመራችሁ በመሃል አታውልቁ። ኤዲተሩ የ9 ሰዓቱን ሳቅ ከ11 ሰዓቱ ቀልድ ጋር ሊያገጣጥመው ይችላል። በአንዱ ሹራብ በሌላው ሸሚዝ ከሆናችሁ ተመልካች ይነቃል። ክሬን የሚሉት ረጅም ክንድ ላይ የተሰቀለ ካሜራ ካለ ደግሞ ሳይነገራችሁ ብድግ አትበሉ። ከራሳችሁ በላይ የሚያልፈው ብረት ነው።

ማጨብጨብ

እንግዳው ሳይገባ በፊት አስተባባሪው መድረኩ ላይ ወጥቶ ያለማምዳችኋል። «አጨብጭቡ! አሁን ሳቁ! አሁን ተገርማችሁ ተያዩ!» ይላል። ካሜራውም ያንን ይቀርጻል። ቴሌቪዥን ላይ ሆዷን ይዛ የምትስቀው ሴትዮ የሳቀችው ቀልዱ ሳይነገር ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ላይ ሼም ይይዛችኋል። ሁሉም ሰው ይይዘዋል። ስቃችሁ ግቡበት፤ አብሯችሁ የተቀመጠው የማታውቁት ሰው ጋር የምትግባቡት በዚህ ነው።

ስታጨበጭቡ እጃችሁ ደረታችሁ አካባቢ ይሁን። ፊት ላይ ከሆነ ይጋርዳችኋል። አስተባባሪው እጁን ሲያነሳ ጀምሩ፣ ሲያወርድ አቁሙ። ብቻውን የሚቀር አጨብጫቢ ሁሌ አለ፣ እሱ አትሁኑ። እልልታ ይወደዳል፣ ግን ሰው እያወራ ሳይሆን ምልክት ሲሰጥ። ፉጨት ቢቀር ይሻላል፤ ማይኩን ይወጋዋል።

ቀረጻው ሲጀምር

«ጸጥታ!» ይባላል። ከዚያ ማሳል ሁሉ ያማራችኋል።

ቀረጻ ውስጥ በጣም የሚያሰለቸው እንግዳው አይደለም፤ ማስታወቂያው ነው። አቅራቢው የስፖንሰሩን ጽሑፍ ሲያነብ አንድ ቃል ከሳተ እንደገና፣ የካርቶኑ አርማ ወደ ካሜራው ካልዞረ እንደገና። በዚህ ጊዜ ታዳሚው ማውራት ይጀምራል፣ ማውራቱ ደግሞ ሌላ እንደገና ያመጣል። ዝም ካላችሁ ቶሎ ያልቃል።

ቀልድም ይደገማል። ማይኩ ተቋርጦ ወይም መብራት ጠፍቶ ጨዋታው ከተበላሸ እንግዳው ያንኑ ታሪክ እንደ አዲስ ይነግራችኋል። ሁለተኛ መሳቅ ይከብዳል። ቀልዱን ትታችሁ አቅራቢውን እዩት፤ እሱም ያንኑ ቀልድ እንደ አዲስ ለመስማት ሲታገል ነው የምታዩት፣ ያ በራሱ ያስቃል። መብራት ሲጠፋ አትነሱ። ጀነሬተር እስኪነሳ፣ መብራቶቹ እስኪስተካከሉ ትንሽ ደቂቃ ነው። ሰው ከተበታተነ ግን ሰብስቦ እንደነበረው ለማስቀመጥ ከዚያ የበለጠ ይፈጃል።

እንግዳው የሚያስለቅስ ነገር ሲያወራ ምን ይደረግ? የኛ ሰው ከንፈር ይመጣል፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው አንድ ላይ ከንፈር ሲመጥ ደግሞ ማይክ ላይ ጉድ ነው። አንዳንዱ የድምፅ ባለሙያ ይበሳጫል። እኔ ግን እዚህ ላይ ከእሱ ጋር አልስማማም። ከተለማመዳችሁት ጭብጨባ ሁሉ ይልቅ እውነተኛው ድምፅ ያ ነው። ከመጣባችሁ ይምጣ። ብቻ «ውይ በሞትኩት!» ብላችሁ ንግግሩን አትቁረጡበት።

ማይክ ከደረሳችሁ

አንዳንድ ፕሮግራም ታዳሚ ይጠይቅ ይላል። ማን እንደሚጠይቅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይመረጣል። መጠየቅ ከፈለጋችሁ በእረፍት ጊዜ ለአስተባባሪው ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት።

ትልቁ በሽታችን መግቢያ ማብዛት ነው። «በመጀመሪያ ይህንን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ በመቀጠል የፕሮግራሙን አዘጋጆች በሙሉ፤ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ...» ተብሎ ተብሎ ጥያቄው ሳይመጣ ማይኩ ይወሰዳል። ምስጋናው እንደሆነ ኤዲት ላይ መቆረጡ አይቀርም። እንዲህ በሉ፦ «ሰላም ጋሼ፣ ሄለን እባላለሁ። ያንን የመጀመሪያ ሥራዎን ሲሠሩ ቤተሰብ ምን አለዎት?» በቃ። አንድ ጥያቄ፣ ሁለት እስትንፋስ። «ሁለት ጥያቄ አለኝ፣ አንዱ አስተያየት ነው» የሚለውን ለስብሰባ ተዉት።

አቅራቢው እንግዳውን «አንተ» ሲለው ሰምታችሁ አትከተሉት። እነሱ ይተዋወቃሉ። በዕድሜ ከሚበልጣችሁ ሰው ጋር «እርስዎ» በሉ፣ ጋሼ ወይም እትዬ ጨምሩበት። ከእኩያችሁ ጋር ከሆነ «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት ይቻላል፣ ጨዋታውንም ያቀልላል። ሙሉ ስማችሁን፣ ሰፈራችሁን፣ መሥሪያ ቤታችሁን መናገር አያስፈልግም። ማይኩን ከአገጫችሁ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት፣ በጣታችሁም አትምቱት። «ሃሎ ሃሎ» አያስፈልግም፤ እየሠራ ነው።

ፊታችሁ ሲታይ

ታዳሚ ሆናችሁ ስትገቡ እንደምትቀረጹ ይነገራችኋል፤ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ወይም የሚፈረም ወረቀት ሊኖር ይችላል። ወረቀት ከሆነ አንብቡት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል፣ የራሱ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም። እዚያ የምትፈርሙት ፈቃዱን ነው። መታየት የማትፈልጉበት ምክንያት ካለ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት ተናገሩ። ኋላ ረድፍ ጨለማው ጋ ያስቀምጧችኋል ወይም ሌላ ቀን ኑ ይሏችኋል። ከተቀረጸ በኋላ «ቁረጡኝ» ማለት ለሁሉም ከባድ ነው። ቴሌቪዥን አንድ ቀን ያልፋል፣ ዩቲዩብ ግን አያልፍም። ለአለቃችሁ «አሞኛል» ብላችሁ የመጣችሁ እንደሆነ ይህንን ክፍል ደግማችሁ አንብቡት።

ልጅ ይዛችሁ አትሂዱ፣ የልጆች ፕሮግራም ካልሆነ። አራት ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ ለትልቅ ሰውም ከባድ ነው።

ፎቶ ከቀረጻው በኋላ ነው፣ ያውም ተፈቅዶ። የእንግዳውን ማንነት ፕሮግራሙ ሳይተላለፍ አትለጥፉ። በተለይ ለዓመታት የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የሚያገናኝ ዓይነት ፕሮግራም ከሆነ ያያችሁትን ለሰፈር ሰውም አትንገሩ። እንግዳው ሲወጣ ከከበባችሁት ደግሞ ሰላምታ እንጂ ቃለ መጠይቅ አይሁን። እሱም ከእናንተ እኩል ደክሞታል።

ስትወጡ

«አለቀ!» ከተባለ በኋላ እንኳን ለትንሽ ጊዜ ተቀመጡ። ያልተሳካ ጭብጨባ ወይም የአቅራቢው መሰናበቻ ሊደገም ይችላል። ቀድሞ የሚነሳ ሰው ነው ሁሉንም የሚያስቆየው።

መታወቂያችሁንና ስልካችሁን ተቀበሉ። የሚያልቅበትን ሰዓት ገና ስትገቡ ጠይቁና ሁለት ሰዓት ጨምሩበት፤ የመመለሻ ዕቅዳችሁን በዚያ አውጡ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ወደ ዳር ሰፈር የሚሄድ ሚኒባስ ይሳሳል፣ ያለውም ዋጋ ይጨምራል። በአንድ አቅጣጫ የምትሄዱ ሦስት አራት ሆናችሁ ራይድ ብትጠሩ ይቀላል። ቀኑን ሙሉ አብራችሁ ስታጨበጭቡ ስለዋላችሁ ሰው ማግኘት አይከብድም።

የሚተላለፍበትን ቀን ከአስተባባሪው ጠይቁ። በዚያው ሳምንት ላይሆን ይችላል፤ ወር ቆይቶ የሚወጣም አለ። ለዘመድ ሁሉ «ዛሬ ማታ እዩኝ» ብላችሁ አትደውሉ፣ የናንተ ረድፍ ጭራሽ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ ዩቲዩብ ላይ እስኪጫን ጠብቁ። ከዚያ እንግዳው የሚገባበትንና ከማስታወቂያ መልስ ያለውን ጭብጨባ ፈልጉ። ታዳሚው በብዛት የሚታየው እዚያ ነው። ካገኛችሁት ደቂቃውን ጽፋችሁ ለእናታችሁ ላኩላቸው፤ ሙሉውን እንዳይፈልጉት።